ተወጥሮ የታሰረው ሽቦ

እውነቱን ተናግሬ ልገላገል፤ የወንድሜን ሚስት አልወዳትም ነበር። ክፉ ሆና አይደለም። ክፉ ብትሆንማ እሰየው ነበር፣ ስሟን አጥፍቼ ለሽ ብዬ እተኛለሁ። ችግሩ ደግ ናት። ጠዋት ቀድማኝ ትገባለች፣ ወለሉን ትጠርጋለች፣ መፍቻዎቹን በየልካቸው ትደረድራለች፣ ከዚያ «እትዬ፣ እንዴት አደርሽ?» ትለኛለች። ያቺን «እትዬ» ስሰማ አንጀቴ እርር ይላል። ከተዳረች አምስት ዓመቷ ነው፤ እኔ ግን አሁንም ሙሽሪት እያልኩ ነው የምጠራት። ሰው ፍቅር ይመስለዋል።

እኔን ደግሞ ሰፈሩ ፒንሳ ይለኛል። አንዴ የያዝኩትን አልለቅም ለማለት ነው። በብስክሌት ጥገና ሱቅ ውስጥ አድጌ ሌላ ምን ስም ሊወጣልኝ ኖሯል! አባዬ ሱቁን ከከፈተ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኔ አጠገቡ ከተቀመጥኩ ደግሞ አስራ ዘጠኝ። ወንድሜ ከባድ መኪና ነጂ ነው። በወር አንዴ ብቅ ይልና «ይህን ሱቅ ሸጠን ብንገላገል ምናለ?» ብሎን ይሄዳል። ሚስቱ ቤት ውስጥ ብቻዋን ከምትሰለች ተብሎ የዛሬ ሁለት ዓመት መጣች። ለጊዜው ነው ተባለ። ለጊዜው! ይኸው የራሷ ሽርጥ፣ የራሷ ወንበር፣ የራሷ መፍቻ አላት።

በዚያ ሱቅ ውስጥ የእኔ ብቻ የምለው አንድ ነገር ነበረኝ፤ የአባዬ ዓይን መሆኔ።

አባዬ ማየት ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ በቃ። ይህን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነበርን። ወንድሜ ቢሰማ ሱቁን በማግስቱ ይሸጠዋል። ደንበኛ ቢሰማስ፣ ማየት የተሳነው ሰው ያጠበቀውን ፍሬን ማን ያምናል? ስለዚህ አፋችንን ዘጋን። ቤታችን ከሱቁ ጎን ስለሆነ አባዬ እርምጃውን ቆጥሮ ይገባል፣ ቆጥሮ ይወጣል። እጁ ደግሞ አርባ ዓመት የለመደውን ስለማይረሳ፣ ራጂዎቹን፣ የጎማውን ቀጫጭን ዘንጎች፣ አንድ በአንድ በጣቱ እየነካካ በድምፃቸው ብቻ የትኛው እንደላላ ይናገራል። የቀረውን እኔ አይለታለሁ። አንድ ብስክሌት ተሠርቶ ሲያልቅ አባዬ እጁን ኮርቻው ላይ አሳርፎ ዝቅ ባለ ድምፅ «አየሽው?» ይለኛል። እኔ «አየሁት» ካልኩ ብቻ ነው ደንበኛውን «በል ተረከብ» የሚለው። እኔ ሳላይ ከዚያ በር የወጣ ብስክሌት የለም። ሰው አባትና ልጅ የሚጫወቱ ነበር የሚመስለው።

ሙሽሪት እንኳን አታውቅም ነበር። እሷ «አባባ እኮ ሥራውን ሳያዩት ይሠሩታል!» እያለች ትደነቃለች፤ እኔ ደግሞ በሆዴ፣ አንቺ ምን ታውቂና፣ እላለሁ። እሷ የማታውቀውን ማወቄ እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር አትጠይቁኝ።

ነገሩ የተበላሸው አዋላጇ የመጣች ዕለት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት፤ በብስክሌት ከቤት ቤት እየዞረች የምታዋልድ ሴት ናት። ብስክሌቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ «እኔ የባትሪ መብራት ሰልችቶኛል» አለች። «የሚያልቀው ሁልጊዜ ሰው ሲያምጥ ነው። እስቲ የማያልቅ ነገር ፈልጉልኝ።»

አባዬ ፈገግ አለና ዲናሞ ያለው ሞዞ እንዲመጣላት አዘዘ። ሞዞ የጎማው እምብርት ነው፣ ራጂዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት። ይህኛው ግን ሆዱ ውስጥ ዲናሞ አለ፤ ጎማው በዞረ ቁጥር የፊቱንም የኋላውንም መብራት ያበራል። ባትሪ የለ፣ መሙላት የለ። እስከዚያን ቀን እኛ የምናውቀው የድሮውን ዲናሞ ነበር፣ ጎማውን እየታከከ እንደ ድመት የሚያለቅሰውን። አዲሱን በሰው ስልክ ላይ አይቼ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ! ዕቃው ሲደርስ ካርቶኑን ራሴ ከፈትኩት። ክብድ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። በጣቴ ሳዞረው ማግኔቱ እንቅ እንቅ እያደረገ ይይዘኛል። እጄን ታጥቤ፣ ሽርጤን ለብሼ፣ መፍቻዬን አንስቼ ተቀመጥኩ።

አባዬ፣ «ይህን ሙሽሪት ትሥራው» አለ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «ማን?» አልኩት።

«ሙሽሪት። እኔ አጠገቧ እሆናለሁ።»

ሙሽሪት ደንግጣ፣ «አባባ፣ እኔ? እትዬ እያለች?» አለች። እሷ እንኳን ገብቷታል እኮ! አባዬ ግን «አንቺ» ብሎ ሞዞውን ከእጄ ተቀበለኝና ሰጣት። ደሜ ፈላ። ለምን ብዬ ብጠይቀው ኖሮ ይነግረኝ ነበር፤ እኔ ግን ከምጠይቅ ብሞት ይሻለኝ ነበር። ጥግ ላይ ተቀምጬ የተበሳ ጎማ መለጠፍ ጀመርኩ፣ ሦስት ቀን ሙሉ የሰፈሩን ጎማ ስለጥፍ ዋልኩ።

ሦስቱን ቀን እንዴት ልንገራችሁ። አባዬ ወንበሩን ከእሷ ወንበር ጋር አጋጥሞ ተቀመጠ። አሮጌውን ጎማ ፈትታ ሠላሳ ስድስቱን ራጂ በአዲሱ ሞዞ ላይ አንድ በአንድ ስትሰካ፣ እጁን እጇ ላይ ጭኖ ያሳያታል። «ይሄኛው በዚያኛው ሥር ነው የሚያልፈው፣ ስሚው፣ አሁን ወፍራም ድምፅ ሰጠ፣ ትንሽ ጨምሪለት።» ያንን ድምፅ የማዳመጥ ነገር ለእኔ ያስተማረኝ ሥራ በጀመርኩ በአራተኛ ዓመቴ ነው! አራት ዓመት ጎማ ለጥፌ፣ ካቴና አጥቤ! እሷ በሁለት ዓመቷ፣ ያውም እየሳቀች። አባዬም ይስቃል። ከእኔ ጋር መቼ ነው እንዲህ የሳቀው እያልኩ መቁጠር ጀመርኩ። የለጠፍኩት ጎማ ሁሉ እንደገና ያፈስብኝ ጀመር።

በሁለተኛው ቀን ተሳሳተች። የመጀመሪያውን ራጂ አንድ ቀዳዳ ዘላ ሰካችውና የተቀሩት ሁሉ ተዛነፉ። አባዬ በጣቱ ዳሰሰና «ፍቺው» አላት። ሠላሳ ስድስት ራጂ! እሰይ፣ አልኩ በሆዴ፣ አሁን ታኮርፋለች፣ አሁን ታለቅሳለች። ሙሽሪት ግን «ውይ፣ ጥፋቴ ነው አባባ» ብላ ከመጀመሪያው ፈትታ ሰካችው። ሰው እንዴት ትንሽ እንኳን አያኮርፍም? ጨጓራዬን የላጠችው በዚያ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ጎማው ቦታው ገባ፤ የቀረው ሽቦ መዘርጋት ነበር። የፊቱን መብራት ከጎማው በላይ አሰረች። ከሞዞው የሚወጣውን ሽቦ በጎማው ጎን ሽቅብ እየመራች ወደ መብራቱ አገባች። ከዚያ ለኋላው መብራት የሚሄደውን ሽቦ ከፊተኛው መብራት አስነስታ፣ በብስክሌቱ ብረት ሥር እስከ ኋላ ወሰደችው። ንጹህ ሥራ ነበር፣ አልክድም። አንገቱ ላይ ግን፣ መሪው የሚዞርበት ጋ፣ ሽቦው ጎልቶ እንዳይታይ ብላ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ወጥራ አሰረችው።

አየሁት። ወዲያው ነው ያየሁት። መሪው ሲዞር የፊቱ መብራት አብሮ ይዞራል፣ የብስክሌቱ ብረት ግን ባለበት ይቀራል። ስለዚህ እዚያ ጋ ሽቦው ሁለት ጣት ያህል ላላ ማለት አለበት። ካልላላ፣ መሪው በደንብ በታጠፈ ጊዜ ሽቦው ይሳብና ይላጣል፤ ሁለቱ ክሮች ከተነካኩ ደግሞ ከኋላው ጋር የፊቱም አብሮ ድርግም ይላል። ብስክሌቱ ማቆሚያው ላይ ሆኖ ጎማው ቀጥ ብሎ ሲዞር ይህ አይታወቅም። አባዬም አያገኘውም፤ እጁ የሚያውቀው የድሮውን ነው፣ ይህ ሽቦ አዲስ ነው።

ሙሽሪት ዞር ብላ፣ «እትዬ፣ ያምራል?» አለችኝ።

«ያምራል» አልኳት።

ምን አስቤ ነው? ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ደንበኛ ብስክሌቱን ሲረከብ ሱቁ በር ላይ አንድ ዙር ሳይዞር አይሄድም። ሲስተርም ትዞራለች፣ መሪውን ታጥፋለች፣ መብራቱ በሁሉም ፊት ይጠፋል። «ውይ፣ ጠፋ!» ትላለች። ሙሽሪት ትደነግጣለች። አባዬም «ፒንሳ፣ ነይ እስቲ» ይለኛል። እኔ ሄጄ በሁለት ደቂቃ አስተካክለዋለሁ። ይኸው ነው። ከዚያ በላይ ክፉ አልተመኘሁም፣ ይህም ከበቂ በላይ ነበር።

ሲስተር ስትመጣ ቀኑ መሸት እያለ ነበር። ሙሽሪት የፊቱን ጎማ ከፍ አድርጋ አሽከረከረችው። ነጭ ብርሃን ግድግዳው ላይ ቦግ አለ፣ ከኋላ ደግሞ ቀዩ። ሲስተር አጨበጨበች። አባዬ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞረ። ከዚያ ፊቱ በሙሉ ፈገግታ ሆነ። «ይታያል» አለ፣ ቀስ ብሎ። ያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ከቆምነው የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። እሷ ለአባቴ የሚያየው ነገር ሰጠችው። እኔ በአስራ ዘጠኝ ዓመት ያልሰጠሁትን!

አባዬ እጁን ኮርቻው ላይ አሳረፈ። «አየሽው?»

«አየሁት» አልኩ።

«በይ ሲስተር፣ ተረከቢ።»

ብስክሌቱን አውጥቼ በር ላይ አቆምኩት፣ መሪው እንዳይታጠፍ ቀጥ አድርጌ ይዤ። ሲስተር ልትወጣበት እግሯን ስታነሳ አንድ ሰውዬ እያለከለከ መጣ። «ሲስተር! ሲስተር፣ ባለቤቴን ምጥ ይዟታል፣ ቤትሽ ስሄድ እዚህ ናት አሉኝ!» ሲስተር ወዲያው ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቁልቁል ነዳች። ዙር የለ፣ ምን የለ። ሰውዬው ከኋላዋ ይሮጣል።

አፌን ከፈትኩ። «ቁሚ!» ማለት ብቻ ነበር። ግን ቁሚ ብል ለምን እባላለሁ፤ ካየሽው ለምን አየሁት አልሽ እባላለሁ። አፌ እንደተከፈተ ቀዩ መብራት እያነሰ ሄደ።

ሙሽሪት እጇን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ገባች። አባዬ ወንበሩን ዳብሶ ተቀመጠና፣ «ነይ ወዲህ፣ ኩርፊያም» አለኝ። «ሦስት ቀን ፊትሽን እንደቋጠርሽ የማላውቅ መሰለሽ? ይህን ለማወቅ ዓይን አያስፈልገኝም።»

መፍቻዎቹን መሰብሰብ ጀመርኩ።

«ዲናሞውን አንቺ ብትሠሪው ማን ያይልኛል? ሰው የራሱን ጥፋት አያይም፤ ይህን እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ። የሚሠራ እጅ አላጣም። የማምነው ዓይን ግን አንድ ብቻ ነው ያለኝ። ሰው በጨለማ የሚነዳው ብስክሌት ስለሆነ፣ እሷ ትሥራው፣ ልጄ ትይልኝ አልኩ። አለቀ።»

እግዜር ያሳያችሁ፤ ሦስት ቀን ስፈልገው የነበረውን ቃል ነው የነገረኝ። ደስ የሚለኝ ነገር ነበር። እኔ ግን የታየኝ ያ የተወጠረ ሽቦ ነው። «መጣሁ» ብዬ በር ላይ ከተደረደሩት ብስክሌቶች አንዱን አነሳሁና ወረድኩ።

መንገዱ ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ ወደ ግራ እጥፍ ይላል። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው፣ ጎኑ ክፍት ቦይ ነው፣ የመንገድ መብራት የሚባል ነገር የለም። ገና ከሩቅ የሰዎች ድምፅ ሰማሁ። ሲስተር ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛለች። ሰውዬው አጠገቧ ይንቆራጠጣል፣ ባለወፍጮው ብስክሌቷን ከቦዩ እየጎተተ ነው።

«ስታጠፍ ድርግም አለ» አለችኝ ስታየኝ። «ሁለቱም። ቦዩን አላየሁትም።» እጇ አንጓው ጋ አብጧል። «የሚገርመው አልፈራሁም ነበር። አባትሽ ሳያይ ብስክሌት አይሰጥም ብዬ እኮ ነው ዝም ብዬ የነዳሁት።»

በስመ አብ! ምን እላታለሁ? «ሙሽሪት ነች ያሰረችው» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጣ፣ አልዋሽም። ዋጥኩት። «ሲስተር፣ ኋላ ይውጡ፣ እኔ ላድርስዎት» አልኳት። ዕቃ መጫኛው ላይ ተቀመጠች፤ በግራ እጇ ሽርጤን ይዛ፣ መንገዱ በተንገጫገጨ ቁጥር ጥርሷን ስትነክስ እየሰማሁ ወሰድኳት። ሰውዬው ከፊት እየሮጠ «ወደዚህ፣ ወደዚህ» ይለናል። ቤቱ ስንደርስ ምጥ ላይ ያለችው ሴት ጩኸት ደጅ ድረስ ይሰማል። ሲስተር በአንድ እጇ ጎረቤቶቹን እያዘዘች ገባች። እኔ ውጭ ቆሜ፣ አምላኬ ይህችን ሴት ብቻ አትርፍልኝ እያልኩ ጠበቅሁ። ብዙ ሳይቆይ ሕፃን አለቀሰ። እናትየዋም ደህና ናት አሉኝ። የሲስተር እጅ ግን ተሰብሮ ነበር።

ወደ ሱቁ ስመለስ ጨልሟል። ብስክሌቱን በር ላይ ወርውሬው ገባሁ። ባለወፍጮው ቀድሞኝ መጥቶ ነግሯቸው ኖሯል። የሲስተር ብስክሌት መሃል ወለሉ ላይ ቆሟል፣ አንገቱ ላይ የተላጠው ሽቦ ተንጠልጥሏል። ሙሽሪት አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ታነባለች።

«እኔ ነኝ» ትላለች። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ ነኝ አጥብቄ ያሰርኩት። እትዬ ጥፋት የለባትም፤ ሽቦ ይላላ ይጥበቅ በዓይን ብቻ በምን ይታወቃል?»

ታዩልኛላችሁ? ለእኔ እየተከራከረችልኝ ነው! አንድ ቀን እንኳን፣ አንድ ቀን ክፉ ብትሆንልኝ ምናለበት?

«በዓይን ይታወቃል» አልኩ። «አይቼዋለሁ።»

ሙሽሪት ቀና አለች። «መቼ?»

«ስታስሪው።»

«ሳስረው? ያምራል ወይ ብዬ ጠይቄሽ አልነበር?»

«ጠይቀሽኛል።»

«ታዲያ እትዬ፣ ለምን?»

«ቀንቼ ነዋ!» ብዬ ጮህኩ። «ቀንቼ! ሌላ ምን ይሆናል? አጠገብሽ ሲቀመጥ፣ አብራችሁ ስትስቁ፣ አንጀቴ አረረ። በር ላይ ይጠፋል፣ ታፍሪያለሽ ብዬ ነው። ሲስተር ትወድቃለች አላልኩም።» ከዚያ በኋላ የማለቅሰው እኔ ሆንኩ።

አባዬ አልተቆጣም። ቢቆጣ፣ ቢሳደብ፣ የያዘውን ቢወረውርብኝ እንዴት ደስ ባለኝ። «ሲስተር እጇ ሲድን ነው ሥራ የምትገባው፣ አይደል?» አለ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«እህ» አለና ብድግ አለ። እጁን ወደ ፊት ዘረጋ። «ልጄ፣ ነይ እጄን ያዥኝና ቤት አግቢኝ።»

እንባዬን በክንዴ ጠርጌ ሄድኩ። እጁን ልይዝ ስል ግን ፊቱን የሙሽሪት ድምፅ ወደነበረበት አዞረ።

«አንቺን ነው፣ ሙሽሪት» አለ። «እኔ ዓይኔ አያይም። ሁለት ዓመት አለፈው።»

እንዲሁ በአንድ ትንፋሽ ነገራት። ከወንድሜ፣ ከደንበኛው፣ ከጎረቤቱ፣ ከራሷ ከሙሽሪት ሁለት ዓመት ሙሉ ሸሽጌ የያዝኩትን። ሙሽሪት አፏን ይዛ ቀረች። እሱን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና እሱን አየች። ያ ሁሉ «አየሽው?» ምን እንደነበር በአንዴ ገባት መሰለኝ፤ ምንም ሳትጠይቅ እጇን በሽርጧ ጠርጋ እጁን ያዘች። ቀስ እያሉ ወደ በሩ ሄዱ።

«በሩ ላይ ብስክሌት ተጋድሟል» አልኩ ከኋላቸው። «ስገባ ጥዬው ነው። በቀኝ በኩል እለፉ።»

ሙሽሪት የበሩ ደፍ ላይ ቆመች። አባዬን ከኋላዋ አስቁማ፣ እግሯን ወደ ጨለማው ዘርግታ ግራውንም ቀኙንም ፈተሸች፣ ከዚያ በኋላ ነው በቀኝ በኩል ይዛው የወጣችው።